የሕዝብ ገንዘብ ለትርጉም ተውኔት ይዋል? በፊሊፒንሱ አዘጋጅና መምህር በሮላንዶ ቲኒዮ ሥራ ላይ የተደረገ ክርክር

ባለመጋረጃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ብሔራዊ መድረክ ማስቀደም ያለበት አገር በቀል ድርሰትን ነው ወይስ የዓለምን ታላላቅ ተውኔቶች በሕዝቡ ቋንቋ ማቅረብን? ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ ሰው ሥራ እንመዝነው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሮላንዶ ቲኒዮ በ1937 ማኒላ፣ ቶንዶ ውስጥ ተወለደ። በ18 ዓመቱ ከሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ተመረቀ። አሜሪካ አይዋ ሄዶ በግጥም ድርሰት ማስተርሱን ሠራና ተመልሶ በአቴኔዮ ደ ማኒላ አስተማረ፤ የዩኒቨርሲቲውን የሙከራ ቴአትር ያደራጀውም እሱ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊሊፒንስ የባህል ማዕከል ውስጥ ቴያትሮ ፒሊፒኖ የተባለውን የቴአትር ቡድን መራ። ሼክስፒርን፣ ቼኾቭን፣ ቴነሲ ዊልያምስን፣ አርተር ሚለርን የማኒላ አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ በሆነው በታጋሎግ ያናገረ ሰው ነው። በሐምሌ 1997 ሞተ፤ በዚያው ዓመት የብሔራዊ አርቲስትነት ማዕረግ በቴአትርና በሥነ ጽሑፍ ተሰጠው።

የእኔ አቋም፦ ገንዘቡ በሚገባው ቦታ ውሏል። አሜሪካኖች ከገቡ በኋላ የትምህርት ቤቱ መድረክ ለአሥርት ዓመታት እንግሊዝኛ ሆኖ ቆየ። ከባድ ሐሳብ በእንግሊዝኛ፣ ሳቅና እንባ በታጋሎግ የሚል ክፍፍል በተማረው ሰው ልብ ሥር ሰደደ። ቲኒዮ ራሱ መጀመሪያ ይገጥም የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን እምነት በንግግር ማፍረስ አይቻልም። ተመልካቹ በሚለር ተውኔት ውስጥ ያለውን ሻጭ በሰፈሩ ቋንቋ ሲሰብርና ሲሰበር መስማት ነበረበት።

ጽጌ ዘመድረክ፦
ባለመጋረጃ፣ ሰውየውን አከብረዋለሁ፤ ጥያቄዬ ገንዘቡ ላይ ነው። የባህል ማዕከሉ መስከረም 8 ቀን 1969 ተከፈተ፤ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኢሜልዳ ማርኮስ ያሠራችው፣ ሊያንድሮ ሎክሲን የነደፈው ግዙፍ ሕንፃ ነው። በ1972 ወታደራዊ ሕግ ታወጀ። በዚያ ዘመን የሕዝቡን ጉዳይ በሕዝቡ ቋንቋ ይሠራ የነበረው ማን ነው? በ1967 ሴሲል ጊዶቴ ያቋቋመችው ፔታ (የፊሊፒንስ የትምህርት ቴአትር ማኅበር) ነው። የሚጫወቱት በማኒላው አሮጌ ምሽግ በፎርት ሳንቲያጎ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው መድረክ ነበር። መሥራቿ ስትሰደድ የፊልም አዘጋጁ ሊኖ ብሮካና ጓደኞቹ ሥራውን ቀጠሉ። በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ በኩል ደግሞ ቤን ሰርቫንቴስ በ1977 «ፓግሳምባንግ ባያን» የተሰኘውን ተውኔት አዘጋጅቶ ታስሯል።

የፔታን አሠራር ተመልከቱ። አሠልጣኞቹ ወደ አንድ መንደር ይገባሉ። ትወናን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ድምፅና ሙዚቃን፣ ሥዕልንና ጽሕፈትን ነጣጥለው አያስተምሩም፤ በአንድ ሥልጠና ያዋህዱታል። መጨረሻ ላይ ሠልጣኞቹ ከራሳቸው ኑሮ የወጣ አጭር ተውኔት ለጎረቤቶቻቸው ያሳያሉ። የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ወለል፣ ወረቀት፣ ከሰል ወይም ቀለም፣ በአካባቢው የተገኘ ከበሮ ነው። ያንን ያህል ብር ለመብራትና ለአልባሳት ከማፍሰስ ይህ አይሻልም?

ቃለ ተውኔት፦
እህቴ ጽጌ፣ የፔታ ሥልጠና ያለሽው ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ትርጉሙን እንደ ጌጥ ቆጥረሽዋል፤ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ልዘርዝር።

የሼክስፒር ስንኝ በመደበኛው አሥር ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው። የታጋሎግ ግሥ ቅጥያ እየደራረበ ይረዝማል፤ «ናግሳሳሊታ» ብቻውን አምስት ቀለም ይበላል። ቃል በቃል ከተረጎምከው ስንኙ ያብጣል፤ ተዋናዩ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥረውና የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይውጠዋል። የተመልካቹ ጆሮ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ከባላግታስ ዘመን ጀምሮ የለመደው ባለ 12 ቀለም ስንኝ አለ፣ ስድስተኛው ላይ የሚያርፍ፤ ልክ እንደ እኛ የወል ቤት። ተርጓሚው ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ከገባ ሐምሌት እንደ ጥንቱ ኮሜድያ (በግጥም የሚሠራ የነገሥታትና የጦርነት ተውኔት) ጀግና ያዜማል። ጨርሶ ከራቀው ደግሞ ግጥምነቱ ይጠፋል።

ቀጥሎ ተውላጠ ስሙ አለ። «ሲያ» እሱም እሷም ነው። ሦስት ሰዎች የሚታሙበት ትዕይንት ላይ ስም ካልተደገመ ወይም አዘጋጁ በእይታ አቅጣጫ ካልረዳ ተመልካቹ ማን ማንን እንደከዳ አያውቅም። «እኛ» ደግሞ ሁለት ነው፦ «ታዮ» ሰሚውን ይጨምራል፣ «ካሚ» ያስወጣዋል። ንጉሥ በወታደሮቹ ፊት «እናሸንፋለን» ሲል ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ያ ምርጫ የገጸ ባሕርይ ውሳኔ ነው፣ ትወናውን ሁሉ ይቀይረዋል። እንግሊዝኛው ይህን አይነግርህም። ስለዚህ ተርጓሚው አዘጋጅ ሲሆን ጥቅም አለው፤ የቲኒዮ ጉልበትም እዚህ ላይ ነበር።

ተማሪዎች ሲሠሩት በብዛት የሚበላሸው ሌላ ነው። የታጋሎግ ጽሑፍ የድምፅ ጫና ምልክት አይይዝም። «ባካ» የመጀመሪያው ቀለም ሲጫን ላም፣ የመጨረሻው ሲጫን «ምናልባት» ነው፤ ላልቶና ጠብቆ እንደሚነበበው የኛው «ገና» ማለት ነው። አዲስ ተዋናይ በዝምታ አጥንቶ ይመጣና በልምምድ ላይ የተሳሳተው ይጸናበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቃል ከመያዙ በፊት ጽሑፉን በክብ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ አሻሚውን ቃል በእርሳስ ማመልከት፣ ቅጂው ከዚያ በኋላ ብቻ ይባዛ።

ይህን ሁሉ ያለፈ ተዋናይ አገር በቀል ድርሰት ስትሰጭው በሌላ አፍ ይናገረዋል። ስለዚህ ትርጉሙ ትምህርት ቤት ነው፤ ወጪውም የትምህርት ወጪ ነው።

የአውራጃው ሰው፦
ሁላችሁም ማኒላ ላይ ቆማችሁ ነው የምትከራከሩት። ታጋሎግ የማን ቋንቋ ነው? ፕሬዚዳንት ኬሶን በ1937 የብሔራዊ ቋንቋ መሠረት አድርገው ያወጁት ታጋሎግን ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ፊሊፒኖ ብሎ አጸናው። በአገሪቱ ግን ከመቶ በላይ ቋንቋ አለ። ለሴብዋኖና ለኢሎካኖ ተናጋሪ ቼኾቭ በታጋሎግ መጣ ማለት ከአንዱ የትምህርት ቤት ቋንቋ ወደ ሌላው ተዛወረ ማለት ነው።

እኔ ገንዘቡን የምሰጠው እንደ ሴቬሪኖ ሞንታኖ ላለ ሰው ነው። በሰሜን ፊሊፒንስ ላዋግ የተወለደ፣ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የተማረ። በ1953 በፊሊፒንስ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አሬና ቴአትርን ጀመረ። ያሠለጠነው ወደየአውራጃቸው የሚመለሱ መምህራንን ነበር። አንዱ መምህር ሲሠለጥን አንድ ትምህርት ቤት መድረክ ያገኛል።

አሬናው ለምን እንደሚመች ልንገራችሁ። ተመልካቹ በአራቱም ጎን ይቀመጣል፤ መጋረጃም የኋላ ሥዕልም አያሻም። የመማሪያ ክፍል ወንበር በአራት ማዕዘን ይደረደራል፣ በየማዕዘኑ መግቢያ ይተዋል። ዕቃው ዝቅ ያለ ይሁን፤ ቁም ሣጥን ካቆምክ አንዱን ወገን አሳወርከው። ተዋናይ አንድ ቦታ ከቆየ ጀርባውን ብቻ የሚያይ ሰው ይኖራል፤ ስለዚህ አዘጋጁ ለመንቀሳቀስ ምክንያት እየፈለገ ማዞር አለበት። ሁለት ሰዎች ተቀራርበው ከተነጋገሩ ይከልላሉ፤ ራቅ ብለው በሰያፍ ይቁሙ። ይህን አንድ ሠልጣኝ መምህር ይዞት ይሄዳል፤ የባህል ማዕከሉን መድረክ ግን ይዞት አይሄድም።

ዊልፍሪዶ ማሪያ ጌሬሮም በ1962 የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲን ተንቀሳቃሽ ቴአትር አቋቁሞ ከ2,500 በላይ ትርኢት በየአውራጃው አዙሯል። ቲኒዮ ስንት ከተማ ደረሰ?

ባለመጋረጃ፦
የአውራጃው ሰው፣ የአሬናውን ነገር ልብ በሚነካ ግልጽነት አስቀመጥከው፤ አመሰግናለሁ። ግን የሞንታኖ ተውኔቶች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጌሬሮም በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። ታጋሎግን እንደ ባዕድ ቆጥረህ እንግሊዝኛን ማለፍህ ሚዛኑን ያዛባል።

ጽጌ ደግሞ ቲኒዮን የውጭ ሥራ ብቻ ሰጠሽው። ቴያትሮ ፒሊፒኖ የጥንት ሳርስዌላዎችን (ዘፈን የተቀላቀለባቸው ተውኔቶችን) ከመረሳት አውጥቶ በድጋሚ አሳይቷል፤ የባላግታስን ኮሜድያ «ኦሮስማን አት ዛፊራ»ንም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ኒክ ዋኪን አለ። ፊሊፒናዊው ዋኪን ታላቁን ተውኔቱን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ በ1955 በማኒላው ጥንታዊ ባለ ቅጥር ከተማ በኢንትራሙሮስ ፍርስራሽ ውስጥ የታየውም በእንግሊዝኛ ነው። ቲኒዮ ወደ ታጋሎግ መልሶ ግጥም አደረገው፣ ራያን ካያብያብ ዜማ ሰጠው፤ «ላራዋን» ሆኖ በ1997 መድረክ ላይ ወጣ። ታዲያ ይህ የውጭ ነው የአገር ውስጥ? «አገር በቀል» እና «ትርጉም» ብላችሁ በጀት ስትከፍሉ ይህ ሥራ የትኛው ሣጥን ይገባል?

ጽጌ ዘመድረክ፦
«ላራዋን»ን እቀበላለሁ፤ ለእኔ አገር በቀል ነው። ስለ ሳርስዌላውም ልክ ነህ። ግን ሳርስዌላው ራሱ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል፤ አውሬሊዮ ቶለንቲኖ በ1903 በታጋሎግ ተውኔቱ የታሰረው ታጋሎግ ከባድ ሐሳብ መሸከም ስለሚችል ነው። ቋንቋው ብቃቱን ለማስመስከር ቼኾቭን መጠበቅ አላስፈለገውም። የጠፋው ደራሲ የሚከፈልበትና ጽሑፉ የሚታረምበት ቦታ ነው። አዲስ ተውኔት በመጀመሪያ ቅጂው አይቆምም፤ ንባብ፣ እርማት፣ ሁለተኛ ንባብ፣ ከዚያ ልምምድ ይፈልጋል። ይህ ወራት ይወስዳል፣ ትኬትም አይሸጥበትም። የሕዝብ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሼክስፒር ስም ብቻውን የትምህርት ቤት ተማሪ አዳራሽ ያስገባል።

ቃለ ተውኔት፦
በዚህ አሸንፈሽኛል ማለት ባልችልም የገንዘቡን ጉዳይ በትክክል ለይተሽዋል፤ ገበያ የማይሸከመውን ሕዝብ ይሸከም። እኔ የምጨምረው አንድ ግዴታ ነው፦ በሕዝብ ገንዘብ የተተረጎመ ተውኔት ሁሉ ጫናው የተመለከተበት የመድረክ ቅጂው ለየአውራጃው መምህራን ኮሌጅ ይሰጥ። ያኔ የሞንታኖ ዓይነት መምህር በአራት ማዕዘን ወንበሩ መሀል ይሠራዋል፤ ወደ ሴብዋኖ የሚመልሰውም ከታጋሎጉ ጋር እያስተያየ ይመልሳል።

የአውራጃው ሰው፦
ግዴታውን እደግፋለሁ፤ በተግባር ግን ሁለት ዓይነት ጽሑፍ እንዳለ አትርሱ። ሶፎክለስና ሼክስፒር ባለመብት የላቸውም፤ የሚፈቅደው ተርጓሚው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክፍያው ሲዋዋል ቅጂ የማደል ፈቃዱ አብሮ ይጻፍ። ሚለርና ዊልያምስ ግን ወራሾቻቸው መብቱን ይዘዋል፤ ለአንድ ትርኢት የተገዛ ፈቃድ ለሃምሳ ኮሌጅ ማባዛትን አያካትትም። በጀቱ ይህን ለይቶ ካልያዘ ቅጂዎቹ ማኒላ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ነፃ ከሆኑት ይጀመር፤ ከእነዚያም ሳርስዌላዎቹ ይቅደሙ።