የወባ ሞዴል ጥያቄ፦ ትንኝን ከመቀነስ ቶሎ እንድትሞት ማድረግ ይሻላል?

ቆለኛው
ሰላም ለቤቱ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ ወረዳ የወባ ፎካል (የወባ ሥራ ተጠሪ) ነኝ። ዕቅድ የምናስገባበት ሰሞን ነው፤ ብሩ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። በቀደም ስብሰባ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች በላፕቶፕ ሞዴል፣ ማለትም የወባን ስርጭት የሚያሰላ ቀመር፣ አሳዩን። ረግረጉን አፋሰን ትንኙን በግማሽ ብንቀንስ ወባው በግማሽ ይወርዳል አሉ። ርጭቱን አጥብቀን ትንኟ ቶሎ እንድትሞት ብናደርግ ግን በብዙ እጥፍ ይወርዳል። እኔ አልተዋጠልኝም። በጭልፋ ውሃ እየቀዳሁ እጭ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ትንኝ ያው ትንኝ ነች። ያን ሁሉ እጭ ትተን ግድግዳ ስንረጭ እንክረም? ሒሳቡን ሰው በሚገባው መንገድ የሚያስረዳኝ አለ?

ካልኩሌተር
ወንድሜ፣ ልጆቹ ልክ ናቸው። ላፕቶፑን እርሳውና ስልክህን አውጣ።

ትንኝ ያው ትንኝ አይደለችም። ወባ የምታስይዝህ አሮጊቷ ነች። ከበሽተኛ ደም ጋር የመጠጠችው ተሕዋስ ሆዷ ውስጥ አድጎ ምራቋ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ፋልሲፓረም ለሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት የቆየች ቀመር አለች፦ ከሙቀቱ ላይ 16 ትቀንሳለህ፣ በቀረው 111ን ታካፍላለህ። 25 ዲግሪ ላይ 111 ለ9፣ 12 ቀን ገደማ። ከዚያ በፊት ከሞተች ማንንም አላስያዘችም።

አሁን ከ100 ትንኝ በየቀኑ 10 ይሞታል እንበል። 0.9ን 12 ጊዜ በራሱ አባዛው፤ 0.28 ይመጣል። ከመቶው 28ቱ ወባ ለማስያዝ ደረሱ ማለት ነው። ርጭቱ የቀን ሟቹን 20 ካደረሰው? 0.8ን 12 ጊዜ፣ 0.07። ሰባት ብቻ! የተረፉትም ቢሆኑ ቀሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። ሁለቱ ሲባዙ ከስምንት እጥፍ በላይ ቅናሽ ነው። ረግረግህ የሰጠህ ሁለት እጥፍ ነው።

ይህን ያጠናከረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጆርጅ ማክዶናልድ ነው። ጀማሪው ሮናልድ ሮስ፤ ያው በ1897 ህንድ ውስጥ ተሕዋሱን ትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው፣ በ1902 ኖቤል የወሰደው። ሰዎች «ትንኝን ማን ጨርሶ ያጠፋል» ሲሉት ነው ወደ ቀመር የገባው። ጨርሶ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ከተወሰነ መጠን በታች ካወረድናት ወባው ራሱ ይከስማል ብሎ አሳየ። ሐኪም ሆኖ ይህን ማሰቡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በነገራችን ላይ፣ ደጋ ላይ ትንኝ እያለ ወባ ብዙ የማይታየው በዚሁ ሒሳብ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ተሕዋሱ 28 ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ የምትቆየው ከመቶ አምስት ብትሆን ነው። ትንሽ ሲሞቅ ደግሞ ወባው ሽቅብ ይወጣል፤ በደብረ ዘይት ዙሪያ የተሠራ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው።

ጡረተኛው ረጪ
ልጆቼ፣ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ሲነገረን ነው ሥራ የጀመርነው። ፓምፑን ተሸክሜ ያልገባሁበት ጎጆ የለም። ርጭት ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ትንኟ ጠጥታ ስትከብዳት ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ እዚያ ትሞታለች። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ረጭተን በወጣን ማግስት እማወራዋ ጭቃና እበት አቡክታ ግድግዳውን ትለቀልቀዋለች። መድኃኒቱ ከሥር ተቀበረ። ይሄ ሞዴላችሁ ልቅለቃ ያውቃል?

ቆለኛው
ጋሼ፣ ይባረኩ! የእኛም ችግር ይሄው ነው። ሐምሌ ላይ እንረጫለን፤ ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ቤቱ ሁሉ ይለቀለቃል። ወባው የሚብሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው።

ካልኩሌተር
ጋሼ፣ ካልነገሩት አያውቅም። እንንገረዋ። ግማሹ ቤት ተለቀለቀ እንበል። የቀን ሟቹ 20 መሆኑ ይቀርና 15 ይሆናል። 0.85ን 12 ጊዜ፣ 0.14። የቀሪ ዕድሜውን ማጠር ስታባዛበት ያ ስምንት እጥፍ ወደ ሦስት እጥፍ ወረደ። ግማሽ ቤት ተለቀለቀ ተብሎ ጥቅሙ በግማሽ ብቻ አልቀነሰም፣ ከዚያ ብሷል። ሞዴል ለእኔ ለዚህ ነው የሚጠቅመኝ። ዘንድሮ ስንት ሰው ይታመማል ብለህ ከጠየቅኸው ጠንቋይ ታደርገዋለህ። ብርህ በየት በኩል እንደሚፈስ ግን ያሳይሃል።

የከዚራ ልጅ
አቦ፣ ይሄ ሁሉ ለገጠሯ ትንኝ ነው። እኛ ድሬዳዋ ሌላ መጥታብናለች፤ ስቴፈንሲ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪ ደሃር ላይ ነው አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው። በ2022 እኛ ጋ ወረርሽኝ ሲነሳ ዝናብ አልነበረም። የምትራባው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ደግሞ ሁሉም ቤት ያጠራቅማል። «ዝናብ ሲጥል ትንኝ ይበዛል» ብሎ የሚጀምር ሞዴል ድሬ ላይ ምን ይሠራል? እዚህ በርሜል መክደን ከግድግዳው ሊበልጥ ይችላል። መራቢያዋ በር ላይ ተቀምጦ የሚቆጠር ነዋ።

ካልኩሌተር
ልክ ነህ። ቀመሩ ያው ነው፤ የምትሞላበት ቁጥር ግን የድሬ መሆን አለበት። ቆለኛው፣ አጎበሩን እንዳትረሳ። ትንኟ ወባ ለማስተላለፍ ሁለቴ መንከስ አለባት፣ አንዴ ስትወስድ አንዴ ስትሰጥ። ስለዚህ ንክሻው በግማሽ ከቀነሰ ወባው ወደ ሩብ ነው የሚወርደው።

ቆለኛው
ገብቶኛል። ጤና ኤክስቴንሽኖቹ የትኛው ቤት መቼ እንደሚለቀለቅ ይመዝግቡልኝ ብያለሁ። የሚቻለው ከርጭቱ በፊት እንዲለቀልቅ ቀበሌዎቹን አናግራለሁ። ቁጥሩን ለልጆቹ እልክና ሞዴላቸው ውስጥ ይክተቱት። ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ ሴቶቹን አሳምናችሁ ልቅለቃውን ያስቀደማችሁበት ቦታ ነበር? እንዴት አድርጋችሁ?