የድሮ አኒሜተሮችን ሥዕል ሳጠና ስኬቼ ለምን ይደርቃል?

ሥዕል ወዳዷ
ሰላም ለሁላችሁ። የ15 ሴኮንድ የእጅ አኒሜሽን ሥራ ማስረከብ አለብኝ። ለመነሻ የድሮዎቹን የዲዝኒ አኒሜተሮች ሚልት ካልን እና ቢል ታይትላን እያጠናሁ ነው። ፊልሙን አቁሜ ፍሬሙን (አንዷን የፊልም ምስል) ስገለብጥ ቁርጥ እሱን ይመስላል፤ በራሴ ገጸ ባሕርይ ስሞክረው ግን እንጨት ይሆናል። እስካሁን 40 ፍሬም ገልብጫለሁ። የቱ ጋ ነው የምስተው?

መስመረኛው
መጀመሪያ የምታዪው መስመር የማን እንደሆነ ለዪ። ታይትላ እ.ኤ.አ. በ1940 «ፋንታዚያ» ላይ የሠራውን ሰይጣን ስትገለብጪ፣ መስመሩ የእሱ አይደለም። የእርሳሱን ሥዕል ረዳቶች አጥርተውታል፣ ከዚያም ሌሎች ሰዎች በሴሉ (በሚያሳየው የፕላስቲክ ወረቀት) ላይ በቀለም ገልብጠውታል። በ1961 «101 ዳልሜሽያንስ» ላይ ግን የእርሳሱ መስመር በዜሮክስ (በፎቶኮፒ ዘዴ) በቀጥታ ሴሉ ላይ አረፈ። ስለዚህ የካልን እጅ ከፊልም ላይ ለማንበብ ከዚያ ወዲህ ያለውን ያዢ፤ የ1967ቱ «ዘ ጃንግል ቡክ» ነብር ሽር ካን፣ የ1977ቱ «ዘ ሬስኪዩርስ» ማዳም ሜዱሳ። ለታይትላ ግን የእርሳስ ረቂቆቹን ፈልጊ።

ፍሬም ቆጣሪ
40 በጣም በዝቷል፣ 6 ቁልፍ ፖዝ (እንቅስቃሴውን የሚወስኑት ዋና ዋና አቋሞች) ይበቃል። ለእያንዳንዱ፦ በ30 ሴኮንድ ከጭንቅላት እስከ ክብደት ተሸካሚው እግር የሚወርደውን አንድ መስመር ብቻ። ቀጥሎ በ2 ደቂቃ ጭንቅላት፣ ደረት፣ ዳሌ፤ የእያንዳንዱ ዘንበል ማለት ወዴት እንደሆነ። ከዚያ ስክሪኑን ዝጊና በቃልሽ ሳዪው። ስታነጻጽሪ የሳትሽው ቦታ ነው ትምህርቱ።
የእንጨቱ ነገር፦ ዙሪያውን ስለምትገለብጪ ነው። የካል ክንድ አንዱ ጎን ቀጥ ካለ ሌላው ይጎብጣል። ሁለቱም ከጎበጡ ቋሊማ፣ ሁለቱም ቀጥ ካሉ ጣውላ። የራስሽ ገጸ ባሕርይ እግሩ አጭር ከሆነ ደግሞ የካልን የእግር ርዝመት አትውሰጂ፤ የዳሌውን ዘንበል ውሰጂ።

ሥዕል ወዳዷ
በጣም አመሰግናለሁ። አንዳንድ ፍሬም ላይ ፊቱ ተለጥጦ ሁለት አፍንጫ ያለው ይመስላል። እሱንስ?

ፍሬም ቆጣሪ
እሱ ስሚር ነው፣ ፈጣን እንቅስቃሴን ለማሳየት ሆን ተብሎ የተለጠጠ፣ ለአንድ ሃያ አራተኛ ሴኮንድ ብቻ የሚታይ ሥዕል። ለብቻው አትገልብጪው፤ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ፍሬሞች ጋር ሦስቱን ጎን ለጎን ሳዪ።
ቆጠራ ላይም ተጠንቀቂ። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፣ ቪዲዮሽ ግን 30 ከሆነ ከየአራቱ ፍሬም አንዱ ይደገማል። ሥዕሎቹ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ፍሬም እየቆዩ ከተቀያየሩ ዋናው በየሁለት የተሠራ ነው፤ ማለትም አንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ይቆያል፣ በሴኮንድ 12 ሥዕል። «አዝግሟል» ብለሽ እንዳትሳሳቺ።

ጥቁር ቀለም
በ40ው ላይ ከፍሬም ቆጣሪ ጋር አልስማማም። እጅ የሚፈታው በብዛት ነው፤ ችግሩ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መገልበጥ ነው። ደግሞ ካልንና ታይትላን በአንድ ሾት (ሳይቆረጥ በሚታይ አንድ ቁራጭ) አትቀላቅዪ። ካል ቅርጹን ጥርት አድርጎ ይቆጣጠራል፤ ታይትላ ክብደትና ጉልበት ከሆድ ያወጣል። 15 ሴኮንድ በየሁለት 180 ሥዕል ነው፤ ከባድ ነገር የሚነሳበትን ሾት ለታይትላ ስጪው፣ ቀሪውን ለካል።
የጥናት ገጾችሽን ለየብቻ አስቀምጪ፣ የአኒሜተሩንና የትዕይንቱን ስም ጻፊባቸው። የሌላ ሰው ፖዝ ላይ የራስሽን ገጸ ባሕርይ አልብሰሽ ማስረከብ ግን ኩረጃ ነው፤ መምህሩ ፊልሙን ካየው ወዲያው ይነቃብሻል።