ሀ ሁን በቃሉ ያንበለብላታል፣ ፊደሉን ግን አይለየውም። ምን ላድርግ?

የቧንቧ ውሃዋ እናት (ደሴ)

ሰላም ወገኖቼ፣ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል? እኛ ጋ ጦሳ ተራራ ጉሙን ከለበሰ ሳምንት አልፎታል። ልጆቹ ቤት ውለው ቤት ያድራሉ።

ጥያቄዬ ስለ ትልቁ ልጄ ነው። ኅዳር ላይ 6 ዓመት ይሞላዋል፤ መስከረም ላይ ዜሮ ክፍል ይገባል። ነርሰሪ አልገባም። እኔ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ስለምሰፋ ከእናቴ ጋር ነው የሚውለው።

ሰኔ ላይ የፊደል ሠንጠረዥ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ማታ ማታ አብረን እንላለን። ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ጎረቤት ሲመጣ "እስቲ በላት" እለዋለሁ፣ ያንበለብላታል። እኔም ልቤ ሞልቶ ነበር።

ባለፈው እሁድ ወንድሜ መጣ። ጣቱን "ቀ" ላይ አድርጎ "ይቺ ማን ናት?" አለው። ልጄ ዝም አለ። ከዚያ ከላይ ከ"ሀ" ተነስቶ መስመር በመስመር እያለ ወረደ። እዚያ ሲደርስ "ቀ!" አለ። "ነ"ን ሲጠይቀው እንደገና ከ"ሀ" ጀመረ። ለካስ ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አያውቀውም።

ደነገጥኩ። በማግስቱ ደብተርና እርሳስ ገዝቼ በቀን አንድ ገጽ ማስጻፍ ጀመርኩ። እርሳሱን እንደ ዱላ በጡጫው ነው የሚጨብጠው፣ ወረቀቱን ይቀደዋል። በሦስተኛው ቀን አለቀሰ፣ እኔም ተቆጣሁት። ማታ ፍራሹን ሳነጥፍ ደብተሩን ከሥሩ አገኘሁት። ደብቆታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አስጠኚ ለመቅጠር አቅሜ አይፈቅድም። ከሥራ የምገባው 12 ሰዓት ላይ ነው። ታናሽ እህቱ 2 ዓመቷ ነው፣ የያዘውን ሁሉ ትነጥቀዋለች። ቤት ውስጥ ባለኝ ነገር ምን ላድርግ? ልጆች ያስጀመራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለባጃጁ (ደሴ)

እህታችን፣ አትጨነቂ። እኛም ሁላችን በቃላችን ብለን ነው ያደግነው፣ ማንበብ አላቃተንም። ጊዜ ስጪው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የኔ ልጅ መጀመሪያ የለያቸው ፊደላት "አ" እና "ማ" ናቸው። ከታርጋ ነው የለመዳቸው። ባጃጁን ሳጥብ አጠገቤ ይቆማል፤ የታርጋውን ጭቃ እሱ ነው በጨርቅ የሚጠርገው። "አማ" ይላል፣ ቁጥሩንም አንድ በአንድ ይጠራል። መንገድ ላይ ያየውን መኪና ሁሉ ማንበብ ጀመረ። "ኢት" የሚል የጭነት መኪና ከሐረጎ በኩል ሲመጣ "አባ፣ ይኼኛው ሌላ ነው" አለኝ። ማንም አላስተማረውም። በር ላይ ቁሙና የሚያልፈውን ታርጋ አንብቡ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ዜሮ ክፍል አስተማሪ (ኮምቦልቻ)

የኔ እናት፣ በመጀመሪያ ያን ደብተር ለአንድ ወር አንሺው። ልጅሽ ሰንፎ አይደለም። እጁ ገና አልጠነከረም፣ ዓይኑም ፊደልን ለብቻው ማየት አልለመደም። ሁለቱም ቤትሽ ውስጥ ባለ ነገር ይስተካከላሉ።

እኔ ትንንሾችን 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደ ልጅሽ ናቸው። ሀ ሁን ይዘምሯታል፣ ነጥለሽ ስትጠይቂያቸው ይጠፋቸዋል። ባለባጃጁ ወንድሜ "በቃላችን ነው ያደግነው" ያለው እውነት ነው፣ ግን ነገሩ በቃል አያበቃም ነበር። አባቴ የተማረው የኔታ ዘንድ ነው። ሀ ሁ ሲያልቅ አቡጊዳ ይከተላል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ሆን ተብሎ ተበትኗል፤ በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ "ይህስ?" ይሉ ነበር።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። አንድ ወረቀት ወስደሽ መሃሉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ቅደጂ። ሠንጠረዡ ላይ እያንሸራተትሽ አንድ ፊደል ብቻ አሳዪው። የላዩና የታቹ ሲሸፈንበት ዜማውን መያዝ አይችልም፣ ፊደሏን ለማየት ይገደዳል። በአንድ ምሽት ከሦስት ፊደል አትለፊ።

ከየትኛው ልጀምር ካልሽኝ፣ ከ"ሀ" አትጀምሪ። ከስሙ ጀምሪ። ፊደሎቻችን 33 ቤት ናቸው፣ በ7 ሲባዙ 231። ይህ ሁሉ ተራራ ነው ለሕፃን። የስሙ ሦስት አራት ፊደል ግን የራሱ ንብረት ነው። ኮዳው ላይ፣ ጫማው ውስጥ፣ ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ስሙን ጻፊለት። ስሙ በምን ይጀምራል? በዚያ ድምፅ የሚጀምሩ ነገሮችን እያበሰልሽ ተጫወቱ። እንቆቅልህ እንደምትባባሉት ማለት ነው፤ "በ'ቡ' የሚጀምር፣ ጠዋት የሚፈላ?" ብለሽ ጠይቂው። ጆሮ ድምፁን ከያዘ ዓይን ለመከተል አይቸገርም።

አሁን ወደ እጁ። እርሳስ በጡጫ የሚይዝ ልጅ እርሳስ ሳይሆን ለቀማ ነው የሚያስፈልገው። ምስር ስትለቅሚ አጠገብሽ አስቀምጪው። ጠጠሯን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ያውጣ። እርሳስ የሚያዘው በዚያው አያያዝ ነው፣ ሦስተኛ ጣት ከሥር ይደግፋል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም። ሊጥ ስታቦኪ እፍኝ ስጪው፣ እየዳመጠ እባብ ይሥራ፣ እባቡን አጥፎ ፊደል ይሥራ። አንቺ ደግሞ ሰፊ ነሽ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅና ቁልፍ አታጪም። በመቀስ ይቁረጥ። ቁልፍ በክር ይሰካ። ትንሿን ግን ጠብቂ። ቁልፍና ባቄላ አፍ ውስጥና አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ እሷ ስትተኛ ብቻ አውጡት።

ከዚያ ሰፌድ አምጪ። ጤፍ ስስ አድርገሽ በትኚበት። በጣቱ ይጻፍ። ሲሳሳት ሰፌዱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ስህተቱ ይጠፋል። ላጲስ የለ፣ የተቀደደ ወረቀት የለ፣ የሚደበቅ ደብተር የለ። ልጆች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን እፎይታ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስታሳዪው ቤተሰቡን አሳዪው። "በ" ሁለት እግር አላት። "ቡ" ወገቧ ላይ እጅ አወጣች። "ቢ" እግሯ ላይ ጫማ አጠለቀች። "ባ" ግራ እግሯ አጠረ። "ቤ" እግሯ ላይ ቀለበት አሰረች። ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ አመለኞች ናቸው፣ እነሱን ቀስ ብሎ ይለምዳቸዋል። "ሸ" ደግሞ ባርኔጣ ያደረገች "ሰ" ናት። "ቸ" እና "ተ"፣ "ኘ" እና "ነ"፣ "ጀ" እና "ደ" እንዲሁ ናቸው። "ጨ" ባርኔጣ ባታደርግም የ"ጠ" ዘመድ ናት። እነዚህን ዘመዳሞች ጎን ለጎን ካሳየሽው ግማሹ ሸክም ይቀልለታል።

ቁጥር በቆርኪ ይሁን። እኛ ኮምቦልቻ ቆርኪ መሬት ላይ ነው የምንለቅመው፣ ደሴም አይጠፋም። እስከ 100 የሚቆጥር ልጅ "7 ቆርኪ ስጠኝ" ስትዪው እፍኝ ሙሉ ይሰጥሻል። አንድ ቁጥር ሲል አንድ ቆርኪ ማንሳት እንዳለበት ገና አልገባውም ማለት ነው። እራት ላይ "ስንት ሰው ነን? ስንት ብርጭቆ?" በዪው። እሱ ያምጣ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ብዙ ወላጅ የሚረሳው። ምሳ ዕቃውን ራሱ መክፈት ይልመድ። የኮዳውን ክዳን ይልመድ። የሱሪውን ቁልፍ ፈትቶ፣ ሽንት ቤት ገብቶ፣ ታጥቦ መውጣት ይልመድ። ምሳ ዕቃው አልከፈትለት ብሎ፣ ለመናገርም አፍሮ፣ ተርቦ የዋለ ልጅ ገጥሞኛል። ያን ቀን እኔም ሳላየው ቀረሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። "መምህርት፣ ሽንቴ መጣ"፣ "መምህርት፣ ክፈቺልኝ" ማለትን አለማምጂው። ከሀ ሁ ይልቅ ይህ ይቅደምልኝ እላለሁ።

የሁለት ሴት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)

ሰላም እህቴ። መምህርት ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንዲት የገጠመችኝን ልጨምር፣ ወሎ ውስጥ ብዙ ቤት ያለች ትመስለኛለች።

ትልቋ ልጄ ክረምት ላይ ቁርአን ቤት ትሄድ ነበር። ሉህ ላይ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ትጽፋለች። ትምህርት ቤት ስትገባ ስሟን ከቀኝ ወደ ግራ ጻፈችው። ፊደሎቹ ልክ ናቸው፣ አካሄዱ ተገለበጠ። አስተማሪዋ "ችግር አለባት" ብላ አስጠራችኝ። ልጄ ግን ችግር አልነበረባትም። ሁለት ጽሑፍ ስለምታውቅ ነው።

ኢድ ደርሶ ሂና ስንቀባ ዘዴው መጣልኝ። ግራ አውራ ጣቷን ብቻ ለየት አድርጌ ጠቆር ያለ ቀባኋት። "አማርኛ ከሂናው በኩል ይነሳል፣ ቁርአን ከወዲያኛው በኩል" አልኳት። ሂናው ሳይለቅ ለመደችው። ወንድ ልጅ ከሆነ ገጹ ግራ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጊለት።

የቧንቧ ውሃዋ እናት (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህርት፣ እርስዎ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ለቀማውን ወደደችው። ጤፉ ላይ ግን "በእህል አይጫወቱም፣ ጡር አለው" ብላ ሰፌዱን ተቀበለችኝ። እሷን ማስቀየም አልፈልግም። በሌላ ነገር ይሆናል?

ዜሮ ክፍል አስተማሪ (ኮምቦልቻ)

እናትሽ ልክ ናቸው፣ እኔ ነኝ ማሰብ የነበረብኝ። በፉርሽካ ይሁን። ለበግ የሚገዛው ማለቴ ነው። ደቃቅ ነው፣ ጣት ሲያልፍበት መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሲያበቃ በጓ ትበላዋለች። ሥሩ ጠቆር ያለ ትሪ ብታደርጊ ደግሞ ከሰፌድም ይሻላል።

የቧንቧ ውሃዋ እናት (ደሴ)

ዛሬ 12ኛ ቀናችን ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ደብተሩን አነሳሁት። የት እንዳለ እንኳ አልጠየቀኝም። ማታ ትንሿ ስትተኛ ትሪውን አወጣለሁ፣ እናቴ ፉርሽካውን በእጇ ታስተካክለዋለች። አሥር ደቂቃ ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። የልጄ ስም በ"ሙ" ነው የሚጀምረው። "ሙዝ፣ ሙቀጫ፣ ሙቅ" ስንል ከረምን። ትናንት ከፒያሳ ስንወርድ ዝናብ ይዞን አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልን። ግድግዳው ላይ ፍራፍሬ ተሥሎ ስሙ ተጽፏል። ልጄ ቀሚሴን ይዞ ጎተተኝ። "እማ! የኔ ፊደል እዚህ ምን ትሠራለች?" አለኝ። "ሙዝ" በሚለው ላይ ጣቱን አድርጓል። ከ"ሀ" አልጀመረም። ቀጥ ብሎ እሷን ነው ያያት። ዝናቡ ካባራም በኋላ ቆመን ስናያት ነበር።

አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ፉርሽካው ላይ ሁልጊዜ የሚጽፈው በግራ ጣቱ ነው። ጠጠሩንም በግራው ነው የሚለቅመው፣ መቀሱንም ወደ ግራው ያዞረዋል። ያኔ ደብተር ላይ ስናጽፈው እርሳሱን በቀኝ እጁ የማስይዘው እኔ ነበርኩ። በጡጫ የጨበጠውም በቀኙ ነበር! አሁን በግራው ስሰጠው በሦስት ጣቱ ያዘው። እናቴ "ሳይለምድበት ወደ ቀኝ መልሽው፣ ነውር ነው" ትላለች። መምህርት፣ ምን ይላሉ?

ዜሮ ክፍል አስተማሪ (ኮምቦልቻ)

የኔ እናት፣ አትመልሺው። ግራኝ ነው፣ በቃ። ለእናትሽ በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ ምግቡን በቀኙ ይበላል፣ ሰላምታም በቀኙ ይሰጣል፣ እርሳሱን ግን የሚቀናው እጅ ይያዘው። በግድ ወደ ቀኝ የተመለሱ ልጆች እጃቸው ሊዘገይ፣ መጻፍም ሊጠሉ ይችላሉ። ያንን አንቺ ራስሽ በሦስት ቀን አይተሽዋል።

ሲጽፍ ወረቀቱን ዘንበል አድርጊለት፣ የላይኛው ግራ ጫፍ ከፍ ይበል። እርሳሱን ከጫፉ ትንሽ ራቅ አድርጎ ይያዝ፣ የጻፈውን በእጁ እንዳይሸፍነው። መቀስ ላይ መጀመሪያ ይቸገራል። አብዛኛው መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፣ ታገሺው።

ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ደግሞ ራስሽ ሄደሽ ለአስተማሪው "ልጄ ግራኝ ነው፣ እባክዎ እንዳይቀይሩት" ብለሽ ንገሪ። ዴስኩ ላይ በግራ ጫፍ ያስቀምጡት። መሃል ከተቀመጠ ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋር ሲጋጭ ይውላል፣ ሁለቱም መጻፍ አይችሉም።