«መሣሪያው አይዋሽም» በሚለው አባባል ላይ የተነሣ ክርክር

ውሃ አጠጪ፦ በአንድ የመስኖ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «የአየር ሁኔታ ጣቢያ ከተተከለ በኋላ ገበሬው በግምት ማጠጣቱን ይተዋል፤ መሣሪያው አይዋሽም» ማለታቸውን አነበብሁ። ጣቢያ አይተከል የሚል ክርክር የለኝም። ያናደደኝ ግን ዕድሜውን ማሳ ላይ የፈጀውን ሰው ገማች፣ ትናንት የቆመውን ብረት እውነተኛ ማድረጋቸው ነው።

ቀመረኛው፦ ገበሬውን ማንም አልነካውም። ጣቢያው የአየሩን ሙቀትና እርጥበት፣ የፀሐይ ጨረሩንና የነፋሱን ፍጥነት ይለካል፤ ከእነዚህም ተነሥቶ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ1998 እ.ኤ.አ. መመሪያ አድርጎ ባሳተመው የፔንማን ሞንቲዝ ቀመር፣ ውሃ ያልጎደለው አጭር ሣር በቀን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያጣ ይሰላል። ውጤቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነና በቆሎው አበባ ላይ ከደረሰ፣ የበቆሎው ፍላጎት ከሣሩ ምን ያህል እንደሚበልጥ በሚያሳየው ቁጥር፣ በ1.2፣ ተባዝቶ 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሄክታር 60 ኪዩቢክ ሜትር ይመጣል። ይህን በዓይኑ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያስተምረን።

ውሃ አጠጪ፦ 60 ኪዩቢክ ሜትሩ ተክሉ የሚጠጣው እንጂ ከቦይ የሚለቀቀው አይደለም። ከተለቀቀው ውሃ ለሥሩ የሚደርሰው 60 በመቶው ብቻ ከሆነ መለቀቅ ያለበት 100 ኪዩቢክ ሜትር ነው። የቦዩን ስርገት ደግሞ የእርስዎ ጣቢያ አይለካውም፤ አካፋ ይዞ የሚቆመው ሰው ግን ያውቀዋል። ለመሆኑ ይህን ሳይናገር ሲቀር «የማይዋሸው» መሣሪያ ምን ሊባል ነው?

ጣቢያ ጠጋኝ፦ «አይዋሽም» የሚሉት ሰዎች የዝናብ መለኪያውን ከፍተው ቢያዩት ጥሩ ነበር። በውስጡ ያለችው ትንሽ ማንኪያ፣ በብዙዎቹ 0.2 ሚሊ ሜትር በሞላች ቁጥር ትገለበጣለች፤ የሚቆጠረውም ግልበጣው ነው። የወፍ ኩስና ቅጠል ማጣሪያውን ሲደፍነው፣ ውጪ ዶፍ እየወረደ ስክሪኑ ዜሮ ያሳያል። ንጹሕ ሆኖ እንኳ ዝናቡ ሲበረታ፣ በምትገለበጥበት ቅጽበት የሚያመልጣት ውሃ ስላለ አሳንሳ ትቆጥራለች።

ቀመረኛው፦ ይህ የጽዳት ጉድለት እንጂ የመሣሪያ ውሸት አይደለም።

ጣቢያ ጠጋኝ፦ እንግዲያው ለጽዳቱ ማን ተቀጠረ? በጀት ለተከላ ይያዛል፣ ሪባንም ይቆረጣል፤ ማጣሪያውን ለሚጠርገው ሰው ደመወዝ የያዘ አላጋጠመኝም።

ደመና ቆጣሪ፦ ሁላችሁም ልኬትንና ትንበያን እያቀላቀላችሁ ነው። ጣቢያው የሆነውን ይነግረናል፤ ነገ የሚሆነውን የሚናገረው ትንበያው ነው። «የዝናብ ዕድሉ 70 በመቶ ነው» ከተባለ፣ ከ10 ጊዜ 3ቱን ባይዘንብ ትንበያው ልክ ነበር ማለት ነው። ሥሩ ጠልቆ የሚሄደው ጥጥ ዝናቡን ሁለት ቀን ቢጠብቅ ብዙም አይጎዳም፤ ሥሩ ከላይ የሚቀረው ሽንኩርት ግን በዚያው ትንበያ ተማምኖ ውሃ ከተከለከለ ምርቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አንድን መልእክት ለሁሉም ገበሬ በስልክ መላክ ምክር አይባልም።

ቀመረኛው፦ ትንበያን እኔ አላነሣሁም፤ ያነሣሁት ቀመሩን ነው።

ውሃ አጠጪ፦ ቀመሩንም ቢሆን ማን ይጠቀምበታል? ውሃ የሚደርሰኝ በተራ ነው። ስልኬ «ዛሬ አጠጣ» ሲለኝ ተራዬ ገና ሳምንት ይቀረዋል፤ ተራዬ ሲደርስ «ማሳህ እርጥብ ነው፣ ተው» ይለኛል። ብተወው ቀጣዩ ተራ እስኪመጣ የሚያስተማምነኝ ማን ነው?

ቀመረኛው፦ ታዲያ ተራው ራሱ በልኬቱ መሠረት ይከለስ።

ውሃ አጠጪ፦ መልካም፤ ይህንን ከቦዩ ራስ ላይ ላሉት ባለማሳዎች ይንገሯቸው። «መሣሪያው አይዋሽም» ማለቱንም አይርሱ።

ቀመረኛው፦ እነሱ እምቢ ማለታቸው ቀመሩን ስሕተት አያደርገውም።

ጣቢያ ጠጋኝ፦ ማጣሪያውን ግን አሁንም የጠረገው የለም።