በድሬዳዋና በሐረር ሄሞፊሊያ ያለባቸው ልጆች ወላጆች እንዴት እንሰባሰብ?

እናት ከሳቢያን

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጄ ሄሞፊሊያ ኤ አለበት። ሐኪሞቹ ደረጃውን «ከባድ» ብለውታል፤ ይኸውም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፋክተር 8 የተባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ ነው። ምርመራው የተረጋገጠው አዲስ አበባ ሲሆን ክትትሉንም እዚያው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያደርጋል።

ይህን የምጽፈው ስለ መድኃኒቱ ለመጠየቅ ሳይሆን ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ሌላው ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ ማን ከጎናችን ሊቆም እንደሚችል ለመጠየቅ ነው። ልጁ ሌሊት ጉልበቱ አብጦ ሲያቃስት እኛ ያለነው ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነው። የባለቤቴ ዘመዶች በሽታው ከእኔ ወገን እንደመጣ ሰው ፊት ሳይቀር ይናገራሉ። ጎረቤቶቼ ከቅንነት የተነሣ ወጌሻ እንዲያሸው ይመክሩኛል። በትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ቀን እያነከሰ፣ በማግስቱ እየሮጠ ስለሚያዩት የሚያስመስል የሚመስላቸው አሉ። እድራችን ለለቅሶ የሚደርስ ጠንካራ እድር ቢሆንም ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ምን ብዬ እንደምጠይቀው አላውቅበትም።

በድሬዳዋ፣ በሐረርና በዙሪያው ተመሳሳይ ልጆች የሚያሳድጉ ቤተሰቦች እንዳሉ ተነግሮኛል። መጀመር ያለብን ማኅበር መሥርተን ፈቃድ ከማውጣት ነው ወይስ ከሌላ ነገር? ገንዘብ ማዋጣትስ ያዋጣናል? ለጎረቤትና ለመምህራን እስከ ምን ድረስ መንገር ተገቢ እንደሆነም ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

የጀጎል አባት

እኅቴ፣ አላህ ልጅዎን አፊያ ያድርግልዎ። እኔም ሐረር ውስጥ ሄሞፊሊያ ኤ ያለባቸውን ሁለት ወንዶች ልጆች አሳድጋለሁ።

ከፈቃድ አይጀምሩ። ማኅተም፣ መተዳደሪያ ደንብና ሊቀ መንበር ማለት ሲጀመር ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች ጉልበታቸውን ስብሰባ ላይ ይጨርሱታል። በአገር ደረጃ የኢትዮጵያ ሄሞፊሊያ ማኅበር ስላለ እኛ እዚህ የምንፈልገው ሌላ ማኅበር ሳይሆን የምንደዋወልበት ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ግን እያንዳንዱን ቤተሰብ በዚያ ማኅበርና በሕክምና ማዕከሉ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው፤ ይህን የምለው በምክንያት ነው። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን የፋክተር መድኃኒት በእርዳታ ለአገሮች ይልካል፤ በየዓመቱም ስንት ታማሚ እንዳለ ከየአገሩ ማኅበር ይጠይቃል። ባቢሌ አካባቢ ያለ፣ በግርዛት ቀን ደም ፈሶት «ዓይን ነው» ተብሎ የቀረ ልጅ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ከሚወለዱ ወንዶች ልጆች ከ5,000ው አንዱ ገደማ ሄሞፊሊያ ኤ ይዞ እንደሚወለድ ካሰብን በእኛ አካባቢ ያልታወቁት ከታወቁት እንደሚበዙ እገምታለሁ።

እኛ በሐረር የተጠቀምንበት እንደ እድር ያለውን የሐረሪዎች መረዳጃ፣ አፎቻን ነው። የወንዶቹም የሴቶቹም አፎቻ ስላለ ወሬ በአንድ ቀን ጀጎልን ያዳርሳል፤ ብዙ ጊዜ ይህ መከራ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ግን በጀን። ባለቤቴ በሴቶቹ አፎቻ ተነሥታ የተናገረችው አጭር ነገር ነበር፤ ሲገረዝ ደሙ ለቀናት ያልቆመ፣ ጥርሱ ሲነቀል ሌሊቱን ሙሉ የደማ፣ ወይም ሳይመታ ጉልበቱ የሚያብጥ ልጅ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረን የሚል። ገንዘብ አልጠየቀችም። ሰዎች ደፍረው ወደ ቤታችን መምጣት የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የእርስዎም እድር ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ መዋጮ ሳይሆን በወር ስብሰባው ላይ አምስት ደቂቃ ይጠይቁት።

ስለ ዘመዶቹ የምለው አለኝ። ጉድለቱ በእናት በኩል የሚተላለፍ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ያህሉ በቤተሰቡ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ አዲስ ለውጥ ያመጣበት ነው። አማትና ምራት እንዲህ እየተካሰሱ ልጁ መሐል ሲቀር አይቻለሁ። በሽታው የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን ዘር ተከትሎ እስከ ሩሲያው አልጋ ወራሽ እስከ አሌክሲ ድረስ ዘልቋል፤ ማንም በምርጫው አላመጣውም። ከተቻለ ባለቤትዎ ራሳቸው ለእናታቸው ይንገሩ፤ ከእርስዎ አፍ ሲሰማ ክርክር፣ ከልጃቸው አፍ ሲሰማ ግን መረጃ ይሆናል።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ከርእሰ መምህሩ ይልቅ የክፍል ኃላፊውን ይያዙ። እኔ አጥብቄ የጠየቅሁት አንድ ነገር ልጆቹ ለቅጣት እንዳይንበረከኩ ነው። ሲሚንቶ ላይ መንበርከክ ለሌላው ልጅ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥቃይ ነው፤ ለእኛ ልጆች ግን በመገጣጠሚያ ውስጥ መድማት ሊሆን ይችላል።

ነርስ፣ ድሬዳዋ

በሙያዬ ነርስ ነኝ። የጀጎል አባት ባነሡት ላይ ከሕክምናው በኩል ጥቂት ልጨምር፤ የልጁን ሐኪም ምክር የሚተካ ግን አይደለም።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ልጅ ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ በቅን ልቦና የሚሰጥ መርፌ ነው። እጁ ወይም እግሩ አብጦ እያለቀሰ ሲመጣ ታሪኩን የማያውቅ ባለሙያ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ መቀመጫው ላይ ሊወጋው ይችላል። መርፌው ራሱ ጡንቻ ውስጥ ያደማል፤ መድኃኒቱ ደግሞ እንደ አስፕሪንና እንደ አይቡፕሮፌን ሁሉ የደም መርጋትን የባሰ ያውካል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ስለዚህ ከማዕከሉ ሐኪም ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ ያጽፉና በፕላስቲክ አስለብጠው አንዱን ለልጁ ቦርሳ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን በቅርብዎ ላለው ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ይስጡ። በደብዳቤው ላይ የበሽታው ዓይነትና ደረጃ፣ የደም ዓይነቱ፣ የሚከለከሉት መድኃኒቶችና የሐኪሙ ስልክ ይስፈሩ። ሄሞፊሊያ «ኤ» ወይም «ቢ» መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ፋክተሩ በማይገኝበት ሰዓት ከደም ባንክ የሚመጣው ክራዮ የተባለው ውጤት ፋክተር 8 ስላለው ለ«ኤ» ይረዳል፤ ፋክተር 9 ለጎደለው ለ«ቢ» ግን አይጠቅምም።

ወጌሻውን በተመለከተ ከመጣላት ይልቅ ማስረዳት ይሻላል፤ በየሰፈሩ የሚከበሩ ሰዎች ናቸውና። ያበጠው ጉልበት የወለቀ አጥንት ሳይሆን ደም የሞላበት መገጣጠሚያ መሆኑን፣ ሲታሽም ደሙ እንደሚጨምር ቀስ ብለው ይንገሯቸው። አንድ ወጌሻ ይህን ከተረዳ «ይህ የእኔ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ብሎ የሚመልሳቸው ልጆች ብዙ ይሆናሉ።

ሌሊት ሲያብጥ ልጁ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ እግሩን በትራስ ከፍ አድርገው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ይያዙለት፤ ይህ ግን ሕመሙን ለማስታገስ እንጂ ፋክተርን ለመተካት አይደለም። በቤታቸው ማቀዝቀዣ የሌላቸው እናቶች በረዶ የሚሸጥ ሱቅ ወይም ፍሪጅ ያላት ጎረቤት ቀድመው ቢያነጋግሩ መልካም ነው። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን ምንም ምልክት ሳይጠበቅ፣ ቢስቅና ቢጫወት እንኳ፣ በባጃጅም ሆነ በተገኘው ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አንገት፣ ጉሮሮና ሆድም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ጊዜ ፋክተር ካለ የሚሰጠው ከምርመራውና ከራጁ በፊት ነው።

ጉልበቴ

ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ የተወለድኩትም ያደግሁትም ድሬዳዋ ከዚራ ነው። በልጅነቴ የሰማሁት ምርመራ አልነበረም፤ «ደሙ ቀጭን ነው» ይሉኝ ነበር። አሁን ቀኝ ጉልበቴ አይታጠፍም። ስለዚህ የወላጆችን ሐሳብ ካነበብኩ በኋላ በልጁ በኩል ሆኜ ልናገር።

በመዋጮው ጉዳይ ከአባታችን ጋር እስማማለሁ፤ እንዲያውም አጠብቀዋለሁ። ልጁን ፎቶ አንሥቶ፣ ያበጠ እግሩን አሳይቶ በየስልኩ ገንዘብ መለመን አይገባም። ያ ፎቶ ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ከክፍል ጓደኞቹ እጅ ይገኛል። ቤተሰቦች በመካከላቸው ለትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ እቁብ ቢጥሉና ዕጣው ባይደርሰውም ልጁ የታመመበት ሰው ቀድሞ እንዲወስድ ቢስማሙ ግን ማንም አይለምንም፤ ማንም አይዋረድም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትንም እንዳትዘነጉ፤ ፋክተሩን ባይሸፍን እንኳ የካርዱን፣ የላቦራቶሪውንና የአልጋውን ወጪ ያቀልላል።

የማልስማማበት ደግሞ አለ። በእድርና በአፎቻ ፊት ሁሉን መናገር ለወንዱ ልጅ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለእኅቱ ግን ዋጋ ያስከፍላታል። ታናሽ እኅቴ ስትታጭ «ደማቸው ችግር አለበት» የተባለው ነገር ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ደርሷል። ስለዚህ የበሽታውን ምልክት ለሁሉም አስተምሩ፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን ቤተሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ይነገር።

ልጁንም በጣም አትጠብቁት። እኔ ኳስ ተከልክዬ፣ ደረጃ ተከልክዬ፣ ጓደኛ ተከልክዬ ነው ያደግሁት፤ ጡንቻዬ ሲሰንፍ ጉልበቴን የሚይዘው ጠፋ። ዋና፣ የእግር ጉዞና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሚያሳየው እንቅስቃሴ መገጣጠሚያን የሚጠብቅ ጡንቻ ያጠነክራሉ። ቡጢና ትግል ይቅሩበት፤ የቀረውን ከሐኪሙ ጋር ተማክራችሁ ፍቀዱለት። «እዚህ ጋ ይሞቀኛል፣ ይነዝረኛል» ሲል ደግሞ ሳያብጥ እመኑት፤ ደም መፍሰስ መጀመሩን ከእናቱም ከሐኪሙም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

በየዓመቱ ሚያዝያ 9 የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን ነው። ቲሸርት ለብሶ ፎቶ መነሣቱን አልቃወምም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የሐረርና የድሬዳዋ ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ቢጫወቱ ከንግግሩ ሁሉ ያ ይበልጣል። እኔ ሌላ ታማሚ በዓይኔ ያየሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው።

የጀጎል አባት

ስለ እኅቶቻቸው የጻፍከው ልክ ነው ወንድሜ። እኔ ሴት ልጅ ስለሌለኝ በዚያ ዓይን አላየሁትም። እንግዲያውስ በአፎቻው ምልክቱ ይነገር፤ የሚደወልበት ስልክ ግን የአንድ ፈቃደኛ አባት ይሁን፤ የእኔን መስጠት እችላለሁ። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ተራ በተራ መገናኘት አይከብድም።

እናት ከሳቢያን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለነርሷ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለቤት የሚሰጠን ፋክተር በድሬዳዋ ሙቀት፣ መብራትም በሚጠፋበት ጊዜ እንዴት ይቀመጣል? ደግሞም የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ እሷን ማስመርመር አለብኝ?

ነርስ፣ ድሬዳዋ

አብዛኛው የፋክተር ዓይነት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንዱ እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ለተወሰኑ ወራት ከፍሪጅ ውጭ ሊቆይ ይችላል፤ በእኛ ከተማ ግን በግንቦትና በሰኔ የክፍል ሙቀት ከዚያ ስለሚያልፍ በዚህ አይተማመኑ። ከፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ በሩ ላይ አይሁን፤ የበረዶ ክፍሉንም አይንካ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይበላሻልና። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አይክፈቱ፤ ከቆየ በረዶ ባለበት የክትባት ዓይነት ሣጥን ውስጥ፣ ጠርሙሱ በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ለይተው ያኑሩት። ሰንሰለታችሁ ከተጀመረ ጄኔሬተር ያለው ፋርማሲ ወይም ቤት ማን ጋ እንዳለ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ልጅዎን ያስመርምሯት። እርስዎ ተሸካሚ ከሆኑ እሷም የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው፤ አንዳንድ ተሸካሚዎች ደግሞ ራሳቸው የፋክተር መጠናቸው ዝቅተኛ ነው። የወር አበባዋ ሲጀምር ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ ወይም ሞዴሷን በየሰዓቱ የምትቀይር ከሆነ «የሴት ነገር ነው» ተብሎ አይታለፍ። ውጤቱን ግን ለእሷ፣ ለእርስዎና ለሐኪሟ ብቻ ያድርጉት። ወደፊት ስታረግዝ አዋላጇ አስቀድማ ማወቅ ይኖርባታል፤ ሕፃኑ በመሣሪያ ተስቦ እንዳይወለድ፣ ወንድ ከሆነም ምርመራው ሳይታወቅ እንዳይገረዝ። ፋክተር 8 ከእትብት ደም ሊለካ ይችላል። ለግርዛቱ ጥቂት ቆዩ ብሎ ለቄሱም ለሼኹም ማስረዳት የሐኪሙም ሥራ ስለሆነ ብቻዎን አይሸከሙት፤ ደብዳቤ ይጠይቁ።