ከከባዱ ወደ ቀላሉ ኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት፦ ለእንጦጦ ዳገት ያዋጣል?

አባዶ4ኛፎቅ
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ያለኝ ብስክሌት የሞተሩ የማዞር ኃይል 85 ኒውተን ሜትር፣ ባትሪው 750 ዋት-ሰዓት፣ ክብደቱ 24 ኪሎ ተኩል ነው። ቲኪው (TQ) በሚባል ሞተር በሚሠራ፣ 50 ኒውተን ሜትርና 360 ዋት-ሰዓት ባለው፣ 18 ኪሎ በሚመዝን ልቀይረው አስቤያለሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። እኔ 75 ኪሎ ነኝ፤ የምነዳው የካና እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። ባትሪው ይበቃኛል?

ሽቅብ
እናስላው። አንተ 75፣ ብስክሌቱ 18፣ ውሃና ዕቃ 4፤ ድምሩ 97 ኪሎ። ይህን 500 ሜትር ወደ ላይ ማውጣት 132 ዋት-ሰዓት ይጠይቃል። ልል አፈሩ ጎማውን ሲይዘው ወደ 165 ይጠጋል። ግማሹን እግርህ ከሸፈነ ለሞተሩ 82 ይቀራል፤ ሩብ ያህሉ በሙቀት ስለሚባክን ከባትሪው የሚወጣው 110 ገደማ ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ያወጣሃል፣ ሦስተኛው ላይ ግን ባትሪው ሊያልቅ ምንም አይቀረውም።

ዋናው ነገር ያለው «ግማሹን እግርህ ከሸፈነ» የምትለዋ ላይ ነው። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ሞተር አይተነፍስም፣ አንተ ግን ትተነፍሳለህ። በከባዱ ትንፋሽህ ሲያጥር የሞተሩን እገዛ አንድ ደረጃ ትጨምርና ይገፋሃል፤ በቀላሉ ያ ትርፍ ጉልበት የለም። ቆላ አገር ተነድቶ የተጻፈ ግምገማ ይህን አይነግርህም።

30ጥርስ
ሽቅብ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ማርሹን ልጨምር። 50 ኒውተን ሜትር ፔዳሉ በደቂቃ 40 ዙር ሲዞር የሚሰጠው 210 ዋት ብቻ ነው። የሞተሩን ሙሉ 300 ዋት የምታገኘው 60 ዙር አካባቢ ስትደርስ ነው። ከባዱ ላይ የለመድከው በትልቅ ማርሽ ቀስ እያሉ መርገጥ እዚህ አይሠራም፤ ሞተሩ ይደክምብሃል፣ ጉልበትህም ይታመማል።

ስለዚህ የፊቱ ማርሽ 34 ጥርስ ከሆነ በ30 አስቀይረው። ባለ 29 ኢንች ጎማ፣ የኋላው ትልቁ ማርሽ 52 ሆኖ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስትወጣ 34ቱ 55 ዙር፣ 30ው 63 ዙር ይሰጥሃል። ያቺ ልዩነት ዳገት ላይ ትታወቃለች።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ደግሞ አሁን ያለህን ፈትንበት። የሞተሩ መተግበሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ጉልበቱን 50 ላይ ገድበህ፣ ሌላውን ደረጃ ሳትነካ ሁለት ሳምንት ንዳው። 6 ኪሎ ተኩል ትርፍ ስለሚሸከም ከእውነቱ ትንሽ ይከብዳል፤ በዚያ ከተደሰትክ ቀይር።

ጭቃ_አይፈራም
ስለ ፎቁ አንድ ነገር አስብ። ከባዱ ላይ ባትሪው ይነቀላል፤ ታች አስተማማኝ ማሰሪያ ካለህ ብስክሌቱን አስረህ 4 ኪሎ የሚሆን ባትሪ ብቻ ይዘህ ትወጣለህ። ብዙዎቹ ቀላሎች ግን ባትሪያቸው ያለ መፍቻ አይወጣም። ስለዚህ ጭቃ የጠገበውን 18 ኪሎ በየጊዜው ደረጃ ታወጣለህ ማለት ነው። ሻጩን «ባትሪው ያለ መፍቻ ይወጣል?» ብለህ ጠይቅ።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ከሆነም ተጠንቀቅ፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። በዕቃ ጭነት፣ በአደገኛ ዕቃ ደንብ ነው የሚላከው።

አባዶ4ኛፎቅ
ማሰሪያ ቦታ የለም፣ ስለዚህ ለማንኛውም ይወጣል። ቁልቁለቱስ?

ጭቃ_አይፈራም
እዚያ ላይ ይሻላል፤ ኩርባ ላይ ይታዘዝሃል፣ ፍሬኑም ብዙ አይደክምም። ግን ድንጋይ ላይ ከከባዱ ይልቅ ይዘላል፤ ሾኩን የድሮው ልክ ላይ አትተወው። ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠህ 30 በመቶ ያህል እንዲሰምጥ አየሩን አስተካክል።

ጎማውን ደግሞ እይ። ክብደት ለመቀነስ ብዙ ጊዜ ስስ ጎማ ይገጥሙለታል፤ ቀጋና አጋም በሞላበት ጎኑን ይበሳዋል። ቢያንስ የኋላውን ወፍራም አድርግ፤ ያለ ካላማዳሪያ ከሆነ በየጎማው 100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ማሸጊያ ፈሳሽ ጨምር። በጋ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ወሩ ቼክ አድርገው። ንፋሱን ፊት 22፣ ኋላ 25 ፒኤስአይ ላይ ጀምር።

ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ ሲለጠፍበት ደግሞ ላቫጆ አትውሰደው። የዚያ ውሃ ግፊት የሞተሩን ማሸጊያ ጎማ አልፎ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ጭቃው እንዲርስ ባልዲ ውሃ አፍስስበት፣ ከዚያ በብሩሽ።