«ዳኛ ሕገ መንግሥት አይነካም» የተባለው ነገር

የኮቺ ልጅ፦ ትናንት ማታ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ጎናችን ያሉ አንድ የሕግ ባለሙያ «ዳኛ ሕገ መንግሥት አይነካም፤ እሱ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ ነው» ብለው ዘጉት። አብረዋቸው የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እኔ እስካሁን አልበረደልኝም። አንቀጽ 13 ንዑስ 1 በየትኛውም ደረጃ ያለ የዳኝነት አካል ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም የመሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶችን ክፍል፣ የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት ይላል። ሳይነካ እንዴት ነው የሚያስከብረው?

ጅሬን ማዶ፦ ወንድሜ ቀስ በል። ማስከበርና መተርጎም ለየቅል ናቸው። አንቀጽ 62ም 83ም የመተርጎሙን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥተዋል። ምክንያትም አለው። አንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። ሕገ መንግሥቱ የእነሱ ቃል ኪዳን ነው፤ ትርጉሙን ቃል ኪዳን የገቡት ይናገሩ ነው ነገሩ። ማንም ያልመረጣቸው ጥቂት ዳኞች ተነስተው «እናንተ ማለት የፈለጋችሁት እንዲህ ነው» ቢሉን እሺ ትላለህ?

የኮቺ ልጅ፦ የመጨረሻውን ቃል ማን ይናገር አላልኩም። «አይነካም» ነው ያናደደኝ።

ጅሬን ማዶ፦ አይነካም ማለት አይተረጉምም ማለት ነው። ቃል አትሰንጥቅ።

ጠበቃ ከሄርማታ፦ ይሰንጠቅ እንጂ! ይህ ቃል ሰው ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ቤታቸው ሊፈርስ ነው። ካሳ የለም ያላቸው የአንድ የክልል መሥሪያ ቤት መመሪያ ነው። አንቀጽ 40 ንዑስ 7 በመሬት ላይ ለገነቡት ቤት መብት ይሰጣቸዋል ብዬ ተከራከርኩ። ዳኛው «አንቀጽ 40» ስል እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ይሄ ሕገ መንግሥት ነው፣ እኛ አንነካውም፣ አጣሪ ጉባኤ ሂዱ» አሉ። የሕገ መንግሥት ጥያቄን አጣርቶ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሐሳብ የሚያቀርበውን አካል ማለታቸው ነው። እናትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አጣሪው የት ነው ልጄ?» አሉኝ። አዲስ አበባ አልኳቸው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላ ምንም አላሉኝም።

ሦስተኛ ዓመት ሕግ፦ እትዬ፣ አንቀጽ 84 ንዑስ 2 እኮ ጥያቄውን ፍርድ ቤቱ ራሱ ወይም ባለጉዳዩ ለአጣሪው ሊያቀርብ ይችላል ይላል። ዳኛው በራሳቸው ደብዳቤ መላክ ይችሉ ነበር።

ጠበቃ ከሄርማታ፦ እሱን ነው የምልህ ልጄ። መላክም መንካት ነው ብለው ፈሩ።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ያንን አንቀጽ 84 ንዑስ 2ን በአማርኛው አንብቡት። በፌዴራልም ሆነ በክልል «ሕግ አውጪ አካላት የሚወጡ ሕጎች» ነው የሚለው። እንግሊዝኛው ግን የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ብሎ በጥቅሉ ያልፈዋል። አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። እንግዲህ መመሪያን ያወጣው መሥሪያ ቤት ነው፣ ሕግ አውጪ አይደለም። የሴትየዋን መመሪያ ዳኛው ራሳቸው መርምረው ወደ ጎን ሊያደርጉት ይችሉ ነበር።

ጅሬን ማዶ፦ ጋሼ ከይቅርታ ጋር፣ ያ በር ተዘግቷል። የአጣሪ ጉባኤው አዋጅ ቁጥር 250/1993 «ሕግ» ማለት ደንብንና መመሪያንም ይጨምራል ብሎ ተርጉሞታል።

የኮቺ ልጅ፦ ማን ተረጎመው? የተወካዮች ምክር ቤት! ዳኛ አይነካም፣ ሕግ አውጪው ግን በአዋጅ ትርጉሙን ማስፋት ይችላል? ለማን የተከለከለ፣ ለማን የተፈቀደ ነው?

ጅሬን ማዶ፦ አዋጅ የማውጣት ሥልጣን አለው፣ አወጣ። በዚያ ላይ ያ አዋጅ በ798/2005 ተተክቷል። መመሪያ የሚያሳስብህ ከሆነ ደግሞ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ 1183/2012 አለልህ፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መመሪያን ይመረምራል።

ጠበቃ ከሄርማታ፦ እሱ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነው። የእናትየው መመሪያ የክልል ነው አልኩህ እኮ። ከመመለስህ በፊት ፋይሉን አንብብ።

ጅሬን ማዶ፦ ፋይል አልላክሽልኝም እህቴ። የጻፍሽውን ነው ያነበብኩት።

ጡረተኛ መምህር፦ ረጋ በሉ። በ2012 ምርጫው በኮሮና ሲራዘም የአጣሪው የባለሙያዎች ውይይት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሙሉውን አይቻለሁ። ምሁራኑ በግልጽ ተከራከሩ፣ በጣም ደስ አለኝ። በመጨረሻ ግን ሰኔ ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምክር ቤቶችን ዘመን ሲያራዝም የራሱንም አብሮ አራዘመ። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ።

ጅሬን ማዶ፦ ፍርድ ቤት ቢሆንስ ጋሼ? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። አንቀጽ 81 ነው። ደግሞ አጣሪው ውስጥ ካሉት 11 አባላት ሰብሳቢውና ምክትሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትል ናቸው። 6ቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ 3ቱ ብቻ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ናቸው። ዳኞች ተገፉ የሚባለው ልክ አይደለም።

የኮቺ ልጅ፦ አየህ፣ ራስህ አመጣኸው! ሰብሳቢው ዳኛ ከሆኑ ዳኛ ነክቷል ማለት ነው። ታዲያ የጅማው ዳኛ ለምን አይነካም?

ጅሬን ማዶ፦ አጣሪ ሆነው እንጂ ዳኛ ሆነው አይደለም የተቀመጡት።

የኮቺ ልጅ፦ ሰውዬው አንድ ናቸው።

አጂፕ ሰፈር፦ ኬንያን እዩ። በፈረንጆቹ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰርዞ እንደገና ይደረግ አለ። አገሩ አልፈረሰም።

ጅሬን ማዶ፦ ስዊዘርላንድንም እይ። የፌዴራል ፍርድ ቤቷ የፌዴራል አዋጅ መሻር አይችልም። እሷም አልፈረሰችም።

አጂፕ ሰፈር፦ ስዊዘርላንድ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ አዋጅ ይጥላል። እኛ ጋ ያ አለ?

ሦስተኛ ዓመት ሕግ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚያ ሁለት ተማሪዎች «አይነካም» ብለው የጻፉት የመውጫ ፈተና ላይ ይመጣል ብለው ነው። እኛም አንቀጽ 62 የማን ሥልጣን ነው ሲባል ፊደል እናከብባለን፣ እናልፋለን። 13 እና 84ን አንድ ላይ አስቀምጦ ያስተማረን የለም።

ጅሬን ማዶ፦ ፈተናውን አትውቀስ። ያላነበበው ተማሪ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሕግ፦ አንብቤ ነው የምናገረው። የጠቀስኩትን አንቀጽ ስህተት ነው ካልክ አሳየኝ።

አጂፕ ሰፈር፦ ጅማ ቁጭ ብለን ስለ ፌዴራሉ ብቻ እንጨቃጨቃለን እንጂ ኦሮሚያም የራሷ ሕገ መንግሥት አላት። የሚተረጉመው ከየወረዳው ምክር ቤት በሚወከሉ ሰዎች የሚቋቋም ኮሚሽን ነው። ስለሱ የሚያወራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሴትየዋ ጉዳይ ለምን እዚያ አልሄደም?

ጠበቃ ከሄርማታ፦ ጥያቄዬ የክልሉን ሕገ መንግሥት የሚመለከት ስላልነበረ ነው። እኔ አንቀጽ 40ን ነው የጠቀስኩት።

ጅሬን ማዶ፦ እንግዲያው ዳኛው ወደ አጣሪው ሂዱ ማለታቸው ልክ ነበር።

ጠበቃ ከሄርማታ፦ ልክ የሚሆነው የሚተረጎም ነገር ካለ ነው። አንቀጽ 84 ንዑስ 3 አጣሪው ትርጉም አያስፈልግም ካለ ጉዳዩን ለፍርድ ቤቱ ይመልሳል ይላል። ትርጉም የማያስፈልገው የሕገ መንግሥት ጉዳይ አለ ማለት ነው። እሱን ዳኛው ይሠራዋል። ደግሞ ይሂድ ብንል እንኳ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የአጣሪው ሐሳብ በደረሰው በ30 ቀን ይወስን ተብሏል፤ ለመሰብሰብ የሚገደደው ግን በዓመት ሁለቴ ነው። ዶዘሩ ስብሰባ አይጠብቅም።

ጅሬን ማዶ፦ የሰው ሐዘን አንቀጽ አይለውጥም። ከፈለጋችሁ በ104 እና 105 መሠረት ይሻሻል በሉ። እስከዚያ የተጻፈው የተጻፈ ነው።

የኮቺ ልጅ፦ 13ም የተጻፈ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ጠበቃዬ፣ የእናትየው ፋይል አሁን የት ነው ያለው?

ጠበቃ ከሄርማታ፦ ማመልከቻውን ለአጣሪው ልኬያለሁ ጋሼ። እዚህ ያለው መዝገብ ተቀጥሯል። እሳቸው ጣሪያውን እንዳይሰርቁባቸው ቤቱ ውስጥ ነው የሚያድሩት።

ጅሬን ማዶ፦ ቀጠሮው መቼ ነው? እመጣለሁ። በ«አይነካም» ግን አልተስማማሁም።